ያልተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር

አባቴ ከሕንድ አገር ይዞት የተመለሰው ዕቃ አንዲት ትራስ ናት። ከክንድ የማትረዝም፣ በቀይ ጨርቅ የተሰፋች፣ ጥጥ የተጠቀጠቀባት ትራስ። ሲያስለው፣ ሲያስነጥሰው፣ ከአልጋው ሲነሣ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያቅፋታል። ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ በወሰድነው ዕለት፣ ለሚን አልፈን መኪናው የጀማን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር፣ በየጠመዝማዛው እንዳቀፋት ነበር። ሾፌሩ በመስታወቱ አየውና «ጋሼ፣ ሕፃን ነው እንዴ የታቀፉት?» አለው።

«ፍርምባዬን ነው» አለ አባቴ።

ሾፌሩ የሳቀው ቀልድ መስሎት ነው። እኛ ግን ያ ፍርምባ ከሦስት ወር በፊት በመጋዝ ለሁለት ተከፍሎ በብረት ሽቦ እንደ ተሰፋ እናውቅ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ በዓለም ከተማ አንዲት ደጃፍ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የገበሬ ቁምጣ፣ የሙሽራ ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። መርሐቤቴ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠ አገር ነው፤ ወዴትም ለመሄድ ቢያስቡ መውረድና መውጣት አለ። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ሲደክመው «ዳገቱ ነው» ይላል እንጂ «ልቤ ነው» አይልም። አባቴም አላለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከገበያ ሲመለስ አንዳች ነገር ደረቱን እንደ ድንጋይ ተጫነው፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ወጣ። ቆም ሲል ተወው። «ጨጓራዬ ነው» አለ። በአገራችን ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ጨጓራ ካልሆነ ብርድ ነው፤ ብርድ ካልሆነ ምች ነው። ተልባ ጠጣ፣ ጤና አዳም አሸተተ፤ ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

ነገሩን የለየው በእናት ሆስፒታል ያገኘነው አንድ ወጣት ሐኪም ነው። እናት ሆስፒታል ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንስ በም ያቋቋሙት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በከተማችን ያሠራው ነው። ሐኪሙ ብዙ አልጠየቀም። «ዳገት ሲወጡ ይመጣል፣ ሲቆሙ ይተዋል?» አለው። አባቴ «አዎን» ሲለው ጨጓራ የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር ሰረዘው። ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም። ልብ ግን ጡንቻ ናት፤ ሥራ ሲበዛባት ደም ትፈልጋለች፤ እርሷን ራሷን የሚመግቧት ሥሮች ከጠበቡ ዳገት ላይ ትጮኻለች፣ ሜዳ ላይ ዝም ትላለች። የልቡን ምት በማሽን አንሥቶ፣ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን።

አዲስ አበባ ላይ በእጁ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሥሮቹን በራጅ አዩለት። ሦስቱም ዋና ዋና ሥሮች ጠብበዋል፤ አንዱ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። በሽቦ ወንፊት ከፍቶ መያዝ የሚቻልበት ዓይነት አይደለም ተባለ። ደረት ተከፍቶ፣ ከተዘጋው ቦታ በታች ደም የሚያደርስ ሌላ መንገድ መቀጠል አለበት፤ ባይፓስ የሚሉት ይህ ነው። ሕንድ አገር እንዲሄድ ተወሰነ። የሐኪሞች ቦርድ ደብዳቤ፣ የባንክ ቤት ደጅ ጥናት፣ የተሸጠ ቦታ፣ ውጭ ያሉ የአክስት ልጆች መዋጮ… ይህን ያየ ያውቀዋል፤ አላረዝመውም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በዚያ ሰሞን በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ከእኛ ጋር ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት አብዛኞቹ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ነበሩ። በእኛ አገር የልብ ቀዶ ሕክምና ባመዛኙ የልጆች ነገር ነው፤ በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብን በር እያበላሸ የሚያመጣው። እነርሱን ለመርዳት ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ማኅበር ያስገነባው የልብ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ልጆቹ የሚታከሙት ወደ ውጭ እየተላኩ ነበር። ተራ የሚጠብቁት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አባቴ ከአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቀሚሷን ዘርፍ ስፌት በጣቱ ይዳስስ ነበር። «ይህቺ ሳትሄድ እኔ ልሂድ?» አለኝ በኋላ። ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ እንደሆኑ፣ የእርሱ ገንዘብ የእርሷን ተራ እንደማይወስድ አስረዳሁት። ያልኩት እውነት ነበር። ቢሆንም ዓይኑን አላነሣም።

*

የቤተ ሰቡ ምክር እኔ ቤት ተደረገ። እናቴ፣ ወንድሜ፣ አጎቴ፣ እኔ። ውሳኔው አንድ ነበር፦ «ሁሉን አትንገሩት፤ ልቡ ይደነግጣል።» አባቴ ጓዳ ተኝቶ ሳለ እኛ ሳሎን ስለ እርሱ ደረት እንንሾካሾክ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ለጤነኛም ቢሆን መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሳይቀድ፣ በሽማግሌ ነው። «ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የደም ሥር ያስተካክሉልሃል» ተባለ።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. አባቴና እኔ ባንጋሎር ገባን። በእንግዳ ማረፊያው ሌሊት እንቅልፍ ሲከዳኝ ስለዚህ ሕክምና ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ልብን አሳርፎ ሥራዋን ለማሽን መስጠት እንዲቻል አሜሪካዊው ጆን ጊበን ሃያ ዓመት ያህል ደክሟል፤ በእ.ኤ.አ. ግንቦት 1953 በአንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ላይ ተሳካለት። የእግርን ደም መላሽ ሥር ቆርጦ የልብን የተዘጋ መንገድ የሚዞር ቅጥያ አድርጎ መስፋትን በእ.ኤ.አ. 1967 በክሊቭላንድ አሳይቶ ለዓለም ያስተማረው አርጀንቲናዊው ሬኔ ፋቫሎሮ ነው። የገረመኝ ከዚያ በፊት የነበረው ሕይወቱ ነው፦ ሃሲንቶ አራውስ በምትባል የገጠር መንደር አሥራ ሁለት ዓመት የባላገር ሐኪም ነበር። ይህን ለአባቴ ስነግረው ደስ አለው። «እንግዲያው ጠጋኙም ባላገር ነው» አለ። ፋቫሎሮ በእ.ኤ.አ. 2000 በገዛ እጁ ሕይወቱን እንዳጠፋ ግን አልነገርኩትም። መደበቅ አንዴ ከተጀመረ እንዲህ ነው፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ያስደብቃል።

አባቴ ሐኪሙን የጠየቀው እንደ ልብስ ሰፊ ነው። ክሩ ምንድን ነው? ሐኪሙ ከፀጉር የቀጠነ፣ የማይበሰብስ ክር መሆኑን ነገረው። መርፌውስ? ጎባጣ። «ይኸ ነው ደግ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ «ለክብ ነገር ቀጥ ያለ መርፌ አይሆንም።» ሦስት ቅጥያ እንደሚሠራለት፣ ሁለቱ ከእግሩ በሚወጣ ሥር፣ አንደኛው ከደረቱ ግድግዳ ከውስጥ በሚወርድ ደም ወሳጅ እንደሆነ ተረጎምኩለት። የደረቱ ሥር ከነመነሻው አይቆረጥም፤ የታችኛው ጫፉ ብቻ ተለቅቆ ወደ ልብ ዞሮ ይሰፋል። ከሁሉ የሚበረታውም እርሱ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ከመቶው ከዘጠና በላይ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ከእግር ከሚወሰዱት ግማሽ ያህሉ ይጠብባሉ ወይም ይዘጋሉ። አባቴ «ሥሩን ያልለቀቀ ይበረታል» አለ። ለእግሩም ሰጋ፤ የሲንጀሩን መርገጫ የሚረግጥበት እግር ነውና። የሚወሰደው በቆዳው ሥር ያለው ሥር መሆኑን፣ ዋናውን ደም የሚመልሱት ወደ ጥልቅ የሚሄዱት መሆናቸውን ሲሰማ ልቡ ረጋ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ያን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። የፈቃድ ወረቀቱ በእጁ ነበር። አስተርጓሚው በዚያ ምሽት ስላልነበረ መካከል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። «ልብዎን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል እናቆመዋለን፤ ደሙን ማሽኑ ያዞረዋል፤ ስንጨርስ መልሰን እናስነሣዋለን» አለ። ከመቶ ሰው ጥቂቱ እንደማይነሣም አልደበቀም።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ልብህን ለጥቂት ጊዜ ያሳርፉታል፤ በማሽን ያግዙታል» አልኩት።

ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም፤ አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም። ሁለቱም አመኑኝ። አባቴ ብዕሩን ተቀብሎ በዚያች የልብስ ልኬት በሚመዘግብባት ጥንቁቅ የእጅ ጽሕፈቱ ስሙን ጻፈ።

*

አንባቢዬ፣ ቀዶ ሕክምናውን አልተርክም፤ እኔም አላየሁትም። ጠዋት ገባ፣ ከሰዓት በኋላ ወጣ። በመስታወት ሳየው ቱቦ ከአፉ፣ ቱቦ ከደረቱ፣ ቱቦ ከአንገቱ ይወጣ ነበር፤ ገጹ እንደ ሰም ቢጫ ሆኗል። በማግስቱ ቱቦውን ከአፉ አውጥተው አስቀመጡት። በሁለተኛው ቀን ሁለት ነርሶች ደግፈው አቆሙት። እንደ መሰለኝ ከሆነ የእኛ ሰው በሕንድ ሐኪም ቤት የሚደነግጠው በመቆረጡ አይደለም፤ ገና ቁስሉ ሳይጠግ «ተነሥተህ ሂድ» በመባሉ ነው። ትራሷን የሰጡት በዚያ ቀን ነው። ሳንባው ውስጥ የረጋው አክታ እንዲወጣ ማሳል አለበት፤ ሲያስለው ደግሞ የተሰፋው አጥንት እንዳይንገዋለል ደረቱን አቅፎ መያዝ አለበት።

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ገባን። የደረት አጥንት እንደ ማንኛውም የተሰበረ አጥንት ነው፤ እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ እስኪጠና ሦስት ወር ይፈልጋል። እስከዚያ በጎን አይተኛም፣ በር ገፍቶ አይከፍትም፣ ከአራት ኪሎ በላይ አያነሣም። «አራት ኪሎንስ ማን ያነሣዋል» እያለ ይቀልድ ነበር።

ከዚያ ቀልዱ ቆመ።

በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ምግብ አስጠላው፤ እንቅልፍ ራቀው፤ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እንባው በጉንጩ ሲወርድ እናቴ አየችው። በአርባ ዓመት ትዳራቸው ውስጥ እናቱ በሞተችበት ቀን ብቻ ነበር ሲያለቅስ ያየችው። የሐኪም ቤቱ መምሪያ ወረቀት ይህን አስቀድሞ ጽፎት ነበር፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሰው ይከፋዋል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፤ በሳምንታት ውስጥ ካልተወው ለሐኪም ይነገር። እኔም እንዲያ ብዬ እናቴን አጽናናኋት። ምክንያት የለውም አልኳት።

ምክንያት ነበረው። አንድ ሊጠይቀው የመጣ የወንድሙ ልጅ፣ ደግ ልጅ ነው፣ «አጎቴ፣ ተአምር እኮ ነው! ልብዎን አቁመው፣ እንደ ሰዓት ከፍተው ነው አሉ የሠሩት!» ብሎት ኖሯል። አባቴ ሦስት ሌሊት ይህን ብቻውን ተሸክሞ አደረ። በአራተኛው ሌሊት ውኃ ላቀብለው ስገባ መብራቱን ሳያበራ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ልቤን አቁመውት ነበር እንዴ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«አንቺ እዚያው ነበርሽ።»

«አዎን፣ አባዬ። አቁመውት ነበር።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ ነው ያሉት።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ምናልባትም እኔ እንደፈራሁት በድንጋጤ ደረቱን ይይዛል ብዬ። እርሱ ግን በጣም ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ እንዲህ አለ፦ «ሞት ደጃፍ ድረስ ልካችሁኛል። መላካችሁ ደግ ነው፤ አድናችሁኛል። ግን ንስሐ ሳልገባ፣ ሳልቆርብ፣ ማንንም ይቅር በለኝ ሳልል ነው የላካችሁኝ። እኔ ፀጉር የምቆረጥ መስሎኝ ነው የሄድኩት። ብቀርስ ኖሮ?»

አንባቢዬ፣ ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ልቡ እንዳይደነግጥ ብለን የደበቅነው ነገር ልቡን ሊያዘጋጅበት የሚገባው ነገር ነበር። እኔ ደግሞ የተማርኩት እኔ፣ ቋንቋ የማውቀው እኔ፣ መካከል ቆሜ በሩን ዘጋሁበት። እግሩ ሥር ተቀምጬ ያልተረጎምኩለትን ዓረፍተ ነገር ከነቁጥሩ ነገርኩት። ስለ ማሽኑ፣ ልብን በፖታሲየም በተቀመመ ቀዝቃዛ ፈሳሽ እንደሚያቆሙት፣ ደሙ ሲመለስላት አብዛኛውን ጊዜ ራሷ መምታት እንደምትጀምር፤ ከመቶው ስንቱ እንደማይነሣ። የፋቫሎሮን መጨረሻም ነገርኩት። «ምስኪን» አለ። ከዚያ ውኃውን ጠጣ።

ኀዘኑ በማግስቱ አልተነሣም፤ እንደዚያ ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን መጠየቅ ጀመረ። እንክብሎቹን አንድ በአንድ አስደርድሮ የየአንዳንዱን ሥራ ጠየቀ። አስፒሪኑና ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ዕድሜ ልክ እንደማይቋረጡ ስነግረው ወንድሜ «ከተጠገነ በኋላ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጣልቃ ገባ። የመለሰለት አባቴ ነው፦ «ጥፉ ተጣፈ እንጂ ጨርቁ አልተለወጠም።»

*

ዓለም ከተማ የገባነው የጥምቀት ሰሞን ነው። አባቴ ከእናቴ ቀጥሎ መጀመሪያ ያስጠራው የንስሐ አባቱን ነበር። በር ዘግተው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ማወቅም አይገባኝም። የማውቀው በዚያ ሌሊት ሳይነቃ ማደሩን ነው።

ሌላው ጦርነት የቅቤ ነበር። ጠያቂው ሁሉ ቅቤ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ማር ይዞ ይመጣል። በመርሐቤቴ ደንብ ከሞት የተመለሰ ሰው መቀለብ አለበት፤ ጨው የሌለበት ወጥ ለታማሚ ማቅረብ ነውር ነው። እናቴ ሁለት ድስት መጣድ ጀመረች፤ አንዱን ለእንግዳ፣ አንዱን ለእርሱ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ሲራመድም መንደሩ እኛን ወቀሰ፦ «ምን ያለ ልጅ ነው ታማሚ አባቱን ለብርድ የሚሰድ!» እርሱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ቀጥሎ ቅጥሩን አንድ ዙር፣ ቀጥሎ ሦስት ዙር ሄደ። የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤውም ጠቡም አብረው ቀሩ። «ሕንዱ ያዘዘልኝን ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም አዘዘችው» እያለ ይስቅ ነበር።

ለፋሲካ ሲንጀሩን ከሸራው ገለጠ። እግሩ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበቱ ጠባሳ አለበት፤ ሲመሽ ጥቂት ያብጣል። መርገጫውን ቀስ ብሎ ረገጠ፣ ቆመ፣ ደረቱን አዳመጠ፣ መልሶ ረገጠ። ያን ቀን የሰፋው የአንድ ልጅ ሱሪ ቅምቅማት ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ለዓመት በዓል አገር ቤት ሳለሁ አንድ የጎረቤት ሰው መጣ፤ እርሱም ሐኪሞች ደረቱ እንዲከፈት የወሰኑበት ነው። ልጆቹ ውጭ ቆመው ለእኔ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል፦ አደራ፣ ብዙ እንዳይነግረው። እኔ ቡና እየቀዳሁ ነበር። አባቴ ጠመኔውን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ጥቁር ጨርቅ ላይ ልብ ሣለ፤ ከላይዋ ሦስት መንገድ፣ በመንገዶቹ ላይ ሦስት መሰናክል፣ ከዚያ የሚዞሩትን ቅጥያዎች። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ።

«እዚህ ላይ ሲደርሱ ያቆሟታል» አለው አባቴ፣ ጠመኔውን ልቧ ላይ አሳርፎ። «ወደ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚያ ያስነሧታል። የማትነሣም አለች። ስለዚህ ሳትሄድ ንስሐህን ግባ፤ ከታናሽ ወንድምህም ጋር ታረቅ።»

ሰውዬው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ስለ ክሩ ጠየቀ።

ሲወጣ፣ ትራሷን ለጥቂት ጊዜ እንዲያውሰው ለመነው። አባቴ ልኬቱን ወሰደና «ሌላ እሰፋልሃለሁ» አለው።